የሸ ቆብ፦ ጠባብ የታፔላ ፎንት ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

መስከረም 24፣ 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ተጀመረ። ምክንያቱ አንድ ታፔላ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ዋናው አስፋልት ዳር ሸማ የሚሸጡ እትዬ አሉ። የሱቃቸው ግንባር 1 ሜትር ከ20 ብቻ ነው። "ሸማ፣ ጋቢና ባና" የሚለው በአንድ መስመር ይግባልኝ፣ ከማዶም ይነበብ አሉኝ። እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ ሲመጣ ታፔላ ሠሪ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ያለውን ፎንት ኮረል በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ከግራና ከቀኝ ይጫነዋል። 55 በመቶ አደረግኩት። ገባ። ግን ያስጠላል።

ለምን እንደሚያስጠላ ቁጭ ብዬ አየሁት። ፊደል ከጎን ሲጨፈለቅ የሚቀጥኑት ቋሚዎቹ ብቻ ናቸው። አግዳሚዎቹ እንደነበሩ ይቆያሉ። የፊደላችን መልክ ደግሞ ከብራናው ጀምሮ ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው። ስንጨፈልቀው መልኩን ገልብጠን ነው የምንሰቅለው። ለ9 ዓመት እኔም ያደረግኩት ይሄንኑ ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጠባብ ሆኖ የተሳለ የርዕስ ፎንት እሠራለሁ። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው እንደ ክር፣ ጫፉ ላይ ሰሪፍ የሚባል ትንሽ ተሻጋሪ መስመር ያለው። ላቲን ላይ ይሄ ዘር ዲዶን ይባላል። ቦዶኒ ጣሊያን ፓርማ ላይ፣ የዲዶ ቤተሰብ ፓሪስ ላይ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የቀረጹት ነው። የቮግ መጽሔት ስም የተጻፈበትን ያየ ሰው ያውቀዋል። ወረቀቱ እየለሰለሰ፣ ማተሚያውም እየተሻሻለ ሲሄድ ነው እንደዚያ የቀጠነ መስመር ማተም የተቻለው። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ለፖስተር ብለው አጥብበው አስረዘሙት። እኔ የምፈልገው ያንን ነው፣ በፊደል።

መሣሪያ፦ 8 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ፣ ፎንት የሚሠራበት ፎንትፎርጅ፣ የሚሳልበት ኢንክስኬፕ። ሁለቱም ፕሮግራሞች ነጻ ናቸው። ሚሊሜትር ወረቀትና እርሳስ 90 ብር።

መስከረም 29

ልኬት ወሰንኩ። ፊደሉ የሚሳልበት ካሬ 1000 ዩኒት። ቋሚ 96፣ አግዳሚ 14፣ የበ ስፋት 330። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ፊደላት በ፣ ሰ፣ ሸ፣ ለ፣ ቀ፣ መ፣ ጠ። እነዚህ ከተስማሙ ሌላው ከእነሱ ይወጣል ብዬ ነው።

በ ቆንጆ ሆነ። ሁለት ወፍራም እግር፣ አናቱ ላይ ክር የምታክል ማገናኛ። እስክሪኑን ሙሉ አድርጌ ብዙ አየሁት።

ጥቅምት 6

ባለ ሦስት እግሮቹ አስቸገሩ። ጠ ሦስት ቋሚ አለው። 3 ጊዜ 96 ማለት 288 ነው። በ330 ስፋት ውስጥ የሚተርፈው 42፣ ለሁለት ሲካፈል 21 21። ድፍን ጥቁር ሆነ። ሐም እንደዚያው። ሠም እንደዚያው።

መጀመሪያ የጠን እግሮች ሁሉ ወደ 70 አቀጠንኳቸው። ከበ ጎን ሲቆም የታመመ መሰለ። ቀጥሎ ስፋቱን 440 አድርጌ የመሃሉን እግር ብቻ 80 አደረግኩት። አሁን ክፍተቶቹ 84 84 ናቸው። የመሃሉ እግር መቅጠኑን ካልነገርኩት በስተቀር ማንም አላየውም። ጠባብ ፎንት ሁሉም ፊደል እኩል ይጥበብ ማለት እንዳልሆነ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ጠን በበ ስፋት ማስገደድ ጠን መግደል ነው።

ጥቅምት 13

ትልቅ ስህተት። በኤ3 አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና ራቅ ብዬ አየሁት። ቋሚው ለቁመቱ ሳሳ። 112 መሆን አለበት። ችግሩ፣ እስካሁን 63 ፊደል ስስል እግሩን እየቀዳሁ ነበር የምለጥፈው። ኮፒ፣ ፔስት። አንዱን ባስተካክል ሌሎቹ አይከተሉም። ሁሉንም አንድ በአንድ መንካት ሊኖርብኝ ነው።

ፎንትፎርጅ ላይ ማጣቀሻ የሚባል ነገር አለ። እግሩን አንዴ ትስለዋለህ፤ በ፣ ቡ፣ ቢ ሁሉም እሱን ይጠሩታል። ዋናውን ስትነካ ሁሉም አብሮ ይለወጣል። ይሄን ከመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ። አራት ቀን ሄደ።

ለሚጀምር ሰው አንድ ጠቃሚ ነገር፦ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጥበት ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አቀማመጡም ሥርዓት ያለው ነው። አብዛኛው ፊደል 8 ቦታ ይዟል። ሰባቱ ለሰባቱ ቤቶች፣ ስምንተኛው እንደ ሏ፣ ሟ፣ ቧ ላሉት ዲቃላዎች። ስለዚህ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ትእዛዝ ጽፈህ "የግዕዙን እግር ለሚቀጥሉት ስድስት ስጣቸው" ማለት ይቻላል። የሚሠራው ላላመፁት ብቻ ነው። ሳድስ በየፊደሉ የራሱ ጠባይ አለው፤ እሱን በእጅ ነው የሳልኩት።

ኅዳር 2

የመጀመሪያ ሙከራ ባነር አተምኩ። 1.20 በ60፣ በካሬ 450 ብር ሒሳብ 324 ብር። እትዬ ሱቅ ላይ በገመድ አሰርነው። መንገዱን ተሻግረው ከማዶ ቆመው አዩት። ተመልሰው መጡና እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄ፣ አምሯል። ግን ሰማ ምንድን ነው?"

"ሸማ ነው እንጂ እትዬ።"

"እኔ ሰማ ነው ያነበብኩት።"

እኔም ተሻግሬ አየሁ። ልክ ናቸው። የሸ ቆብ የለችም። ቅርብ ስትሆን አለች፣ መንገድ ስትሻገር ትጠፋለች። ባናም ላይ ያለው ሰሪፍ ጠፍቷል፤ እሱ ግን ማንንም አያሳስትም። ሸማ ሰማ ሲሆን ግን ቃሉ ራሱ ሌላ ሆነ።

ኅዳር 3

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ዛሬ ሥራ ቢኖርም ይሄን እጽፋለሁ፤ የፎንቱ ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ነውና።

መጀመሪያ ሒሳቡ። የሰው ዓይን ለይቶ የሚያየው በግምት አንድ የማእዘን ደቂቃ፣ ማለት የአንድ ዲግሪ 60ኛ እጅ ነው። በ20 ሜትር ርቀት 6 ሚሊ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። የባነሩ ፊደል ካሬ 25 ሳንቲ ነበር። 14 ዩኒት እዚያ ላይ 3.5 ሚሊ ይሆናል። ከ12 ሜትር በኋላ መጥፋት ይጀምራል። አስፋልቱ ከዚያ ይሰፋል።

ላቲን ላይ ግን ይሄው ቅጥነት ብዙም አይጎዳም። ለምን? ላቲን ላይ ክር የምታክለው መስመር ብዙውን ጊዜ ማገናኛ ናት። ሁለት ወፍራም ነገሮችን ትይዛለች፣ ብትጠፋም ወፍራሞቹ ይነበባሉ። አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ነው፤ የራሱ ወፍራም አካል አለው።

የእኛ ሌላ ነው። ከበ ወደ ቡ የሚወስደን ከቀኝ እግሩ መሃል የምትወጣ ትንሽ አግዳሚ ናት። ቢ ላይ እግሩ ሥር ትወርዳለች። ቤ ላይ ቀለበት ትሆናለች። ከሰ ወደ ሸ የሚወስደን አናት ላይ የተጋደመች ቆብ ናት። አግዳሚው ነው አናባቢውን የተሸከመው። ተነባቢውንም ጭምር። እኔ ደግሞ ከፈረንጅ የተማርኩትን ሕግ ይዤ አግዳሚ የተባለን ሁሉ ወደ 14 አወረድኩ። ትርጉሙን የተሸከመችውን መስመር ነው የሰረዝኩት።

ባ እና ቦ ከማዶ በደንብ ይነበባሉ። ባ ግራ እግሩ ያጥራል፣ ቦ ቀኝ እግሩ ያጥራል። ልዩነቱ በወፍራሙ ቋሚ ላይ ስለሆነ አይጠፋም።

ባለ ቆቦቹን ቆጠርኩ። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ቨ። በ7 ሲባዙ 42። ካዕብ፣ ሣልስና ኃምስ ሲጨመሩ የፎንቱ ግማሽ አካባቢ አደጋ ላይ ነው።

ኅዳር 6

ሙከራ፦ ትርጉም ያላቸውን አግዳሚዎች ሁሉ ከ14 ወደ 38 አወፈርኩ። 25 ሳንቲ ላይ 9.5 ሚሊ ይሆናል፤ 30 ሜትር ድረስ ይታያል። ይነበባል። ግን ፎንቱ ሞተ። ጨርቅ ላይ እንደተጣፈ እራፊ ሆነ። ማገናኛዋ ክር፣ ቆቧ ገመድ። ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ይደናቀፋል።

28 ሞከርኩ። 22 ሞከርኩ። መሃል ላይ ጥሩ ቦታ የለም። ወይ ይነበባል ወይ ያምራል።

ኅዳር 11

በአንጎለላ በኩል ብራና የሚጽፉ አንድ የኔታ አሉ ብለውኝ ሄድኩ። ምኒልክ የተወለዱበት አገር ነው፤ ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም። ሚኒባስና እግር። ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ሄድኩ።

ቤታቸው በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይጽፋሉ። ብራናው ጉልበታቸው ላይ ነው። መስመሩ በቀለም አልተሰመረም። በወስፌ ነው የተጫነው፣ ብርሃኑን ካላገኘው አይታይም። ቀለሙ ቀንድ ውስጥ ነው። መቃው ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ተቆርጧል፣ መሃሉ ተሰንጥቋል። ወደታች ሲስቡት ሙሉ ወርዱ ይጽፋል፤ ወደጎን ሲስቡት በስሉ ይሄዳል። ወፍራምና ቀጭን የሚሉት ሕግ የለም። መቃው ራሱ ነው የሚሠራው።

"የኔታ፣ ይቺ የካዕቧ ቀጭን መስመር እንዴት ነው የማትጠፋብዎት?" አልኳቸው።

አልመለሱልኝም። ቡ ጻፉ። ቀስ ብለው። ግራውን እግር፣ ቀኙን እግር፣ አናቱን። ከዚያ ከቀኙ መሃል መቃውን ወደጎን ሳቡት። ክር የምታክል መስመር ወጣች። ጫፏ ላይ ሲደርሱ መቃውን አላነሡትም። ቆም አደረጉትና ትንሽ ወደታች ጎተት። አንዲት ጥቁር ጠብታ ወረደች። ሩዝ ፍሬ አታክልም።

"አየህ? ቀጭኗ መንገድ ናት። ማረፊያዋ ናት የምትነበበው" አሉኝ።

ሸን ጻፉልኝ። ቆቧ ቀጭን ናት። ግን ሁለቱም ጫፏ ላይ ወደታች የተንጠለጠለ ወፍራም ጠብታ አለ። እድሜዬን ሙሉ ዳዊት ላይ ያየሁት ነገር ነው። አይቼው አላውቅም።

ስለ ኃምስ ቀለበት ደግሞ "ጠባብ ቦታ ሲሆን ቀለበቷን ቁም አድርጋት እንጂ አታሳንሳት፤ ካሳነስካት ቀለሙ ይደፍናታል" አሉኝ። ማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ወረቀቱን ሰጡኝ። አሁን ከላፕቶፑ በላይ ተለጥፏል።

ኅዳር 18

መስመሯን ከ14 ወደ 16 ብቻ ከፍ አድርጌ ተውኳት። ከዚያ በላይ አላወፈርኳትም። በምትኩ ጫፏ ላይ ጠብታ ሰቀልኩ። ወርዱ 58፣ ቁመቱ 90፣ ወደታች እየጠበበ የሚሄድ። ቋሚ ነገር ስለሆነ ከቋሚዎቹ ጋር ይዛመዳል፤ እንደ እራፊ አይታይም። ቦዶኒም ላቲኑ ላይ የአንዳንድ ፊደል ጫፍ በክብ ነጥብ ነው የጨረሰው። ያንን እንደ ጌጥ ነበር የማየው። እኛ ጋ ግን ጌጥ አይደለም፤ አናባቢው የሚቀመጥበት ወንበር ነው።

ሸ ሁለት ጠብታ አገኘ። 42ቱም አንድ ዓይነት ቆብ በማጣቀሻ ይጠራሉ። ይሄን ለማድረግ ግማሽ ቀን ብቻ ፈጀ። የጥቅምቱ አራት ቀን አሁን ተከፈለኝ።

የቤ ቀለበት፦ ክብ ነበረች፣ ውስጧ 30 በ30። ቁም ሞላላ አደረግኳት፣ ውስጧ 34 በ88። ግራና ቀኟ ወፍራም፣ ላይና ታቿ ቀጭን። ቢና ቤ አሁን አይምታቱም።

ኅዳር 24

መብራት የለም፣ ሁለተኛ ቀን። ጠዋት ውርጭ ነው፣ ጣት አይታዘዝም። ጋቢ ደርቤ በእርሳስ ጨ፣ ጩ፣ ጪን ሳልኩ። የጨ እግሮች ገና አልተስማሙኝም።

ታኅሣሥ 5

ክፍተት። ከ300 በላይ ቅርጽ አለ። ሁለት ሁለት ሲጣመሩ 90,000 ጥምረት ይመጣል። አይሞከርም። ስለዚህ ፊደላቱን በቀኝ ጎናቸው ከፋፈልኳቸው። ባዶ እግር ያላቸው፣ መሃል ላይ ጠብታ ያላቸው፣ ሥር ላይ የወጣ ያላቸው፣ ቀለበት ያላቸው፣ ክብ የሆኑ። በግራ ጎናቸውም እንዲሁ። አሁን ክፍል ለክፍል ነው የማስተካክለው።

ጠባብ ፎንት ላይ ከባዱ ካዕብ ነው። ቡና ብለህ ስትጽፍ የቡ ጠብታ የነን ገላ ትነካለች። ካራቅካቸው ቃሉ ለሁለት ይሰነጠቃል። መጨረሻ ላይ የካዕቧን መስመር ራሷን ከ70 ወደ 52 አሳጠርኳት። ጠብታዋ ካለች መስመሯ ብታጥርም ግድ የለም።

መሞከሪያ ቃላቶቼ፦ ቡና ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ሽሮ፣ ሸንኮራ፣ ጠጠር፣ መኪና እጥበት፣ ቤት ኪራይ። አዲስ ፋይል በሠራሁ ቁጥር እነዚህን አትማለሁ። ገጹ በ10 ብር፣ እስካሁን 46 ገጽ።

ታኅሣሥ 12

ፎንቱን አውጥቼ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ሁለት ችግር።

አንደኛ፣ የቤ፣ የሌ፣ የሜ ቀለበቶች ጥቁር ሆነው ወጡ። ቀለበቷ ውስጥ ያለው መስመር ከውጭው ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለዞረ ነው። ውስጡ በተቃራኒው መዞር አለበት፤ ካልዞረ ኮምፒውተሩ ቀዳዳ መሆኑን አያውቅም። ፎንትፎርጅ አቅጣጫ የሚያስተካክል ትእዛዝ አለው።

ሁለተኛው አስደነገጠኝ። ወርድ በሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ላይ ስጽፍ የሸ ቆብ ተቆርጣለች። እንደገና ሰማ! ፎንቱ መረጃ ውስጥ የዊንዶውስ የላይ ወሰን የሚባል ቁጥር አለ። 800 ላይ ነበር፣ ቆቧ ግን 860 ትደርሳለች። ከወሰኑ በላይ ያለውን ቆርጦ ይጥለዋል። 920 አደረግኩት። ተመለሰች።

ታኅሣሥ 20

ስቲከር ቆረጥን። ከእኔ ጋር ሱቁን የምትይዘው የአክስቴ ልጅ ናት ማሽኑን የምታውቀው። 25 ሳንቲው ጥሩ ወጣ። ከዚያ ለበሩ በ8 ሳንቲ ቆረጥን። እዚያ ላይ 16 ዩኒት 1.3 ሚሊ ነው። ትርፉን ስንልጥ ክሮቹ አብረው ተነሡ። የበ አናት ተበጠሰ፣ ሁለቱ እግሮች ለየብቻ ቀሩ።

"ይሄ ለትልቅ እንጂ ለትንሽ አይሆንም፣ ወይ ወፍራም ወንድም ሥራለት" አለችኝ። እውነቷን ነው። የድሮ ቀራጮችም ለትንሹ መጠን ሌላ ፊደል ነበር የሚቀርጹት፣ ክሩን ትንሽ አወፍረው። ሁለተኛ ፋይል ጀመርኩ። ክር 30፣ ቋሚ 112 እንዳለ። ከ10 ሳንቲ በታች ላለ ስቲከር እሱ ይሁን። የተበላሸ ስቲከር 380 ብር።

ጥር 2

የእትዬ ታፔላ ተሰቀለ። ላሜራ ላይ ነጭ ስቲከር፣ መደቡ ጥቁር ቡናማ፣ የባና ቀለም። በአንድ መስመር ገብቷል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ማዶ ቆሜ አየሁት። ፀሐይዋ ከጎን ነበረች። መጀመሪያ የሚታየው የቋሚዎቹ ሰልፍ ነው፤ ከዚያ ጠብታዎቹ ናቸው። ክሮቹን ዓይን ራሱ ነው የሚሞላቸው። እትዬ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። "ሸማ" አሉ። "ጋቢና ባና።" ከዚያ ቡና ግባ አሉኝ።

ወጪ እስከ ዛሬ፦ ወረቀትና እርሳስ 90፣ ኅትመት 460፣ ሙከራ ባነር 324፣ የተበላሸ ስቲከር 380፣ የአንጎለላ መንገድና ስኳር 520። ድምር 1,774 ብር። ኢንተርኔትና ጊዜ አልተቆጠረም።

ለሚጠቀሙበት ጓደኞቼ ስልክላቸው የጻፍኩት፦ ለታፔላ፣ ለመጽሔት ርዕስ፣ ለሠርግ ካርድ ስም። ለአንቀጽ በፍጹም። ስልክ ላይ ለትንሽ ጽሑፍም አይሆንም። የመብራት ሳጥን ላይ ጥቁር ፊደል ነጭ መደብ ላይ አታድርጉ፤ ከኋላ የሚመጣው ብርሃን ክሩን ይበላዋል። ነጭ ፊደል ጥቁር መደብ ላይ ግን ብርሃኑ ራሱ ያወፍረዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጎን አትጫኑት። ጠባብ ነው፣ ከዚህ በላይ አይጥበብ።

ጥር 11

የግዕዝ ቁጥሮችን ጀመርኩ። 20 ናቸው፣ ከ፩ እስከ ፼። ሁሉም ላይና ታች አግዳሚ አላቸው። መጀመሪያ ጠብታ ሰቀልኩባቸው፣ ከልማድ። ከዚያ አሰብኩበት። ሁሉም ላይ ካለ ማንንም ከማንም አይለይም። ቢጠፋም ፫ ፫ ነው። ስለዚህ ጠብታው ወጣ፣ ክሩ ብቻ ቀረ፣ 16። እዚህ ላይ መቅጠን ይችላል።

፮ እና ፯ ከሩቅ ገና ይምታታሉ፤ እነሱን ነገ አትሜ ግድግዳ ላይ አያለሁ። የጨ እግሮችም አሉ።